ባቡሩ የተወው መንገድ

በምሥራቅ ፈረንሳይ በቡርጎኝ ክፍለ ሀገር፣ ዢቭሪ ከተባለችው የወይን ገበሬዎች ከተማ ተነሥቶ በደቡብ በኩል እስከ ጥንታዊቷ የገዳም ከተማ እስከ ክሉኒ የሚዘልቅ፣ 44 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ አለ። ሞተር ያለው ተሽከርካሪ እንዳይገባበት ተከልክሎ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተከፈተው በ1997 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ፈረንሳዮች «ቯ ቬርት» ማለትም አረንጓዴ መንገድ ብለው ከሚጠሯቸው መንገዶች መካከል የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። መንገዱ ግን በዚያ ዓመት አልተፈጠረም፤ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ሐዲድ ተዘርግቶበት የከሰል ባቡር ሲመላለስበት የኖረ፣ ባቡሩም ከቀረ በኋላ ቍጥቋጦ የወረሰው መስመር ነበር። ዛሬ በዚያ የሚያልፈው ብስክሌተኛ ከሁሉ አስበልጦ የሚያደንቀው ጸጥታውን ነው፤ ይህም ጸጥታ ብዙዎች እንደሚያስቡት ተፈጥሮ ያደለችው ሳይሆን፣ ባቡሩ ከሄደ፣ ገበሬው ወደ ከተማ ከፈለሰ፣ ከባዱም መኪና ወደ ሰፊው አውራ ጎዳና ከተዛወረ በኋላ የተረፈ ነው። ስለዚህ የወይኑን አገር ጸጥተኛ መንገዶች ትዝታ የሚጽፍ ሰው ስለ አበባውና ስለ ኮረብታው ከመናገሩ በፊት የሄዱትን መቍጠር ይኖርበታል።

ሐዲዱ ከመምጣቱ በፊት ትናንሾቹ መንገዶች ነበሩ። ፈረንሳይ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የመንገድ መረብ ያላት ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአካባቢ አስተዳደር ማለትም ከመንግሥቱ መዋቅር ሁሉ ዝቅተኛ በሆነው በ«ኮሚዩን» እጅ የሚጠበቅ ነው። ለዚህ ብዛት ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ግንቦት 21 ቀን 1836 የወጣው የመንደር መንገዶች ሕግ ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ኮሚዩን ከመንደር መንደር የሚያገናኘውን መንገድ በግዴታ እንዲጠግን ያዘዘ ሲሆን፣ ለዚህም አቅመ ደካማ ያልሆነ ወንድ ሁሉ በዓመት እስከ 3 ቀን በጕልበቱ፣ በጋሪውና በጋማ ከብቱ እንዲሠራ፣ ካልሆነም የሥራውን ዋጋ በገንዘብ እንዲከፍል አድርጓል። ከዚያ በኋላ «ካንቶንዬ» የሚባለው የመንገድ ጠጋኝ የፈረንሳይ ገጠር የታወቀ ሰው ሆነ፤ ድርሻው የሆነችውን መንገድ አካፋና ዶማውን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይመላለስባት፣ ቦዩን ይጠርግ፣ ጕድጓዱን በጠጠር ይሞላ ነበር። ገበሬው በግዳጅ የሠራውን መንገድ ብስክሌተኛው ለሽርሽር ይጠቀምበታል ብሎ በ1836 ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ብስክሌት ገና አልነበረምና። ይሁን እንጂ ዛሬ አንድ ጋሪ በምታሳልፍ ስፋት በወይኑ ቦታዎች መካከል የምትጠማዘዘው መንገድ፣ ካቡን ተከትላ በድንገት ወደ ቀኝ የምትታጠፈውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ዘመን ሥራ ናት።

ይህ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ከዲዦን ከተማ በስተ ደቡብ በሚጀምረውና 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሄደው «ኮት» ማለትም ቁልቁለት በተባለው የወይን ተዳፋት ላይ ነው። ከቦን ከተማ ተነሥቶ ፖማርን፣ ቮልኔን፣ ሞርሶን፣ ፑሊኚ-ሞንራሼንና ሻሳኝ-ሞንራሼን እየነካ ሳንትኔ የሚደርሰው «የወይኖች መንገድ» 22 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዓለም ውድ ከሚባሉት የእርሻ መሬቶች መካከል የሚያልፍ መሆኑን የመንገዱ ገጽታ ፈጽሞ አይነግርም። ሲሚንቶ ለብሶ፣ በሁለቱም ወገን ከጕልበት በማይበልጥ የድንጋይ ካብ ታጥሮ የሚሄድ ተራ የእርሻ መንገድ ነው። እዚህም እዚያም «ካቦት» የሚባሉ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ እየተደረደረ የተሠሩ፣ ጣሪያቸውም ድንጋይ የሆነ ትናንሽ ጎጆዎች ይታያሉ፤ የወይን ሠራተኛው ከዝናብና ከበረዶ የሚጠለልባቸው፣ ምሳውን የሚበላባቸው፣ መሣሪያውንም የሚያኖርባቸው ነበሩ። ድንጋዩ ከራሱ ከእርሻው የተለቀመ ሲሆን፣ ከካቡና ከጎጆው የተረፈው በማሳው ዳር እንደ ጉብታ ተቆልሎ ቀርቷል። ትራክተር ሠራተኛውን ማታ ወደ ቤቱ፣ ቀትርም ወደ ምሳው ፈጥኖ ማድረስ ከጀመረ ወዲህ በካቦት የሚጠለል ሰው ጠፋ፤ ብዙዎቹም ፈርሰዋል፤ በፍቅር የሚጠግኗቸው ማኅበራት ባይኖሩ የቀሩትም ባልቆሙ ነበር።

ተዳፋቱ ወደ ምሥራቅ የተመለከተ በመሆኑ የማለዳ ፀሐይ ቀድማ ታገኘዋለች፤ አፈሩም የኖራ ድንጋይና ሸክላ የተቀላቀለበት ነው። ከሁሉ ላይ ደን፣ ከደኑ ሥር ቀጭን አፈር ያለው መሬት፣ ከወገቡ ላይ ምርጡ የወይን ቦታ፣ ከግርጌው ደግሞ ተራው ወይን፣ ከዚያም ሜዳው ይከተላል። ዲዦንን ከቦን የሚያገናኘው፣ ቀድሞ 74ኛው ብሔራዊ መንገድ ይባል የነበረው ጎዳና ለዚህ ሥርዓት እንደ ወሰን ያገለገለ ሲሆን፣ «ግራን ክሩ» የሚል ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው ቦታዎች ከጎዳናው በላይ ባለው ተዳፋት እንጂ በታች ባለው ሜዳ አይገኙም። ብስክሌተኛው ከጎዳናው ወጥቶ ወደ ተዳፋቱ ሲታጠፍ ፔዳሉ ሲከብድበት፣ የወይኑም ዋጋ አብሮ መውጣቱን እግሩ ይነግረዋል። መንደሮቹ ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበርና ስማቸውን ከዝነኛ የወይን ቦታቸው ስም ጋር አጋቡ፤ ዤቭሬ በ1847 ሻምበርታን የሚለውን ስም ጨመረች፤ ፑሊኚ በ1879 ሞንራሼን ደረበች፤ ሻሳኝም ያንኑ ስም ለራሷ ወሰደች። የመንደር ስም በመንገድ ምልክት ላይ ቆሞ የጠርሙስ ማስታወቂያ ሆኖ የሚያገለግልበት አገር ብዙ አይገኝም።

በዚህ ተዳፋት ላይ ያለው መሬት «ክሊማ» በሚባሉ ቁራሾች የተከፋፈለ ነው፤ ክሊማ ማለት የራሱ ስም፣ የራሱ ወሰንና የራሱ ታሪክ ያለው የወይን ቦታ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ቍጥራቸው 1,247 ነበር። ወሰን የማበጀቱን ሥራ የጀመሩት በአብዛኛው መነኮሳት ናቸው። በ910 ገደማ የተመሠረተው የክሉኒ ገዳምና በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም ሰፊ የወይን ርስት ነበራቸው፤ የሲቶ መነኮሳት በድንጋይ ቅጥር የከበቡት ክሎ ደ ቩዦ የተባለው 50 ሄክታር ያህል ቦታ እስከ ዛሬ ቅጥሩ ቆሞ ይታያል። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ መንግሥት የገዳማቱን ርስት ወርሶ ሸጠው፤ ክሎ ደ ቩዦም ለመቶ ዓመት ያህል በአንድ በአንድ ባለቤት እጅ ከቆየ በኋላ በ1889 ለበርካታ ገዢዎች ተሸነሸነ፤ ከዚያም በሽያጭና በውርስ እየተከፋፈለ ዛሬ 80 ያህል ባለርስቶች አሉት። በ1804 የወጣው የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ርስት ለልጆች ሁሉ እኩል እንዲከፈል ስለሚያዝ፣ በዚያ አገር አንድ ገበሬ በአንድ ቦታ ሦስት ረድፍ፣ በሌላው አምስት ረድፍ ወይን ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ርስት በልጅ ልጅ ሲቆራረስ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ፣ ናቡቴ ስለ አባቶቹ የወይን ቦታ ከንጉሥ ጋር እስከ ሞት የተሟገተበትን ታሪክም ለሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። የትናንሾቹ መንገዶች ብዛት ከዚህም ይመጣል፤ እያንዳንዱ ባለርስት ወደ ሦስት ረድፉ መድረሻ ያስፈልገዋልና።

ብስክሌተኛው ቆሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰለፈው የወይን ረድፍ ግን የጥንት አይደለም። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የቡርጎኝ ወይን ያለ ረድፍ፣ ተደባልቆና ተጨናንቆ ነበር የሚበቅለው፤ ገበሬው አሮጌው ግንድ ሲደክም ከቅርንጫፎቹ አንዱን ወደ መሬት አጎንብሶ በአፈር ይቀብረዋል፣ ቅርንጫፉም ሥር ሰዶ አዲስ ተክል ይሆናል፤ እንዲህ እየተደረገ ማሳው ለመቶ ዓመታት ሳይነቀል ይታደሳል። በፈረስ ማረስ አይቻልም ነበርና ሥራው ሁሉ በዶማ፣ በጎበጠ ወገብ ነበር። ይህን ዓለም ያጠፋው «ፊሎክሴራ» የሚባል፣ በዓይን ለማየት የሚያዳግት፣ የወይኑን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቅ ነፍሳት ሲሆን፣ ከአሜሪካ በመጡ የወይን ችግኞች ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ገብቶ ቀስ በቀስ አገሪቱን አዳረሰ። የሞንፔልዬው ተመራማሪ ዡል ፕላንሾንና ባልደረቦቹ ነፍሳቱን ከደረቁት ግንዶች ሥር ያገኙት በ1868 ነበር፤ ይህ ተዳፋት በሚገኝበት በኮት ዶር አውራጃ መኖሩ የተረጋገጠው ደግሞ በ1878 በሞርሶ ነው። በ1875 ከ80 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር በላይ የነበረው የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ምርት በ1889 ወደ 23 ሚሊዮን ገደማ ወረደ (አንድ ሄክቶ ሊትር 100 ሊትር ነው)። በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ የፈረንሳዩን ወይን ቅርንጫፍ ነፍሳቱን በሚቋቋመው በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ አጣብቆ ማብቀል ነበር፤ እንዲህ የተዘጋጀው ችግኝ ግን ውድ ስለሆነና ቅርንጫፉን በአፈር መቅበር የሥሩን ጥበቃ ስለሚያሳጣው፣ የድሮው የተደባለቀ አተካከል ቀረ። በምትኩ በሽቦ የተደገፈው ቀጥ ያለ ረድፍ መጣ፣ በረድፎቹም መካከል ፈረስ ገባ። ስለዚህ ዛሬ የአገሩ መልክ ተብሎ በፖስታ ካርድ የሚታተመው ሥርዓት ያለው ገጽታ የተወለደው ከመቅሠፍት ነው። ከተዳፋቱ ጀርባ በሚገኙት፣ «ኦት-ኮት» በሚባሉት ከፍተኛ ኮረብታዎች፣ ተመልሶ ያልተተከለ ብዙ መሬት ነበር፤ ወይኑ ደርቆበት ገበሬው የተወው ማሳ ዱር በቀለበት፤ የዘመኑ ብስክሌተኛ ጥላ ያገኘሁበት ደን እያለ የሚያመሰግነው አንዳንዱ ቦታ ይኸው ነው።

ብስክሌት ወደ ገጠሩ የመጣው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። በ1860ዎቹ በፓሪስ ከሚሾ ዎርክሾፕ የወጣው፣ ፔዳሉ ከፊተኛው ጎማ ጋር የተያያዘው ከባድ መሣሪያ የሀብታም ወጣቶች መጫወቻ ነበር፤ ሁለት እኩል ጎማዎች ያሉት፣ በሰንሰለት የሚነዳው ብስክሌትና በ1888 የደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ከመጡ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1890 ብስክሌተኞች የፈረንሳይ ቱሪንግ ክለብን መሠረቱ፤ መንግሥትም የሚቀረጥ ነገር መገኘቱን አይቶ በ1893 በብስክሌት ላይ ግብር ጣለ። በዚያው ዘመን በሳን-ተቲየን ከተማ የሐር ነጋዴ የነበረው ፖል ደ ቪቪ፣ ቬሎሲዮ በሚለው የብዕር ስሙ የሚታወቀው፣ ንግዱን ትቶ የብስክሌት መደብር ከፈተ፤ በ1887ም መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በብስክሌት አገር የማየትን ልማድ፣ ማለትም ለሽልማት፣ ለፍጥነትም ሆነ ለመታየት ሳይሆን ለማየት ብቻ በራስ ጕልበት መጓዝን፣ እንደ ትምህርት ያስፋፋው እርሱ ነው፤ ኮረብታ ላይ ማርሽ መቀየር ስንፍና እንዳልሆነም ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። ቬሎሲዮ ለተከታዮቹ ከተዋቸው ምክሮች አንዱ፣ ቢያንስ በጉዞ ላይ ከወይን ጠጅ፣ ከሥጋና ከትምባሆ መራቅ ነው። የወይኑን አገር በብስክሌት የማየት ጥበብ አባት ወይኑን እንዳትቀምሱ ያለ ሰው መሆኑ የታሪክ ቀልድ ቢመስልም፣ ምክሩ ትክክል ነው፤ ከቀትር በኋላ የሚቀረው ኮረብታ ሁልጊዜ ከታሰበው ይረዝማልና።

በማርሽ ነገር ቬሎሲዮ የረታው ከሞተ በኋላ ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀየር ለሽማግሌ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ውድድሩ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ የማርሽ መቀየሪያን የፈቀደው በ1937 ሲሆን፣ የዚያ ዓመት አሸናፊም ሮዤ ላፔቢ ነበር። በቦርዶ አጠገብ በጋሮንና በዶርዶኝ ወንዞች መካከል በሚገኘው የወይን አገር፣ አንድ የቀድሞ ባቡር መስመር ተነሥቶ እስከ ሶቭቴር-ደ-ጊየን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የብስክሌት መንገድ ሲሠራ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሰው ነው። መንገዱ ክሬዮንን አልፎ በ1079 በተመሠረተው የላ ሶቭ-ማዥር ገዳም ፍራሽ ሥር ያልፋል፤ ውብ ነው፤ ይሁን እንጂ ዛፉ ግራና ቀኝ ስለሚጋርደው ወይኑን ለማየት ከመንገዱ ወጥቶ ወደ መንደሮቹ መታጠፍ ያስፈልጋል።

ሠራተኛው ሕዝብ ራሱ ወደ እነዚህ መንገዶች የወጣው በ1936 ክረምት ነው። በሌዎን ብሉም የሚመራው የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ሰኔ 20 ቀን ባወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የ2 ሳምንት ዕረፍት ከነደመወዙ እንዲሰጠው አዘዘ፤ ከዚያ በፊት ፋብሪካውን ከዘመድ ቀብር በቀር ለሌላ ነገር ትቶ የማያውቅ ሰው ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ፣ ለሁለት ሰው በተሠራ ብስክሌት ወደ ገጠር ተጓዘ። የዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ዛሬም ድረስ ይታተማሉ፤ በአጭር ሱሪ፣ በብስክሌቱ ጎን በተንጠለጠለ የድንኳን ጥቅል፣ ሰው አፈር ጥርጊያ ላይ ቆሞ ሲስቅ ይታያል። ከ3 ዓመት በኋላ ጦርነት መጣ፤ የነዳጅ እጥረትም ብስክሌትን ከደስታ መሣሪያነት ወደ ድንች መፈለጊያነት መለሰው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን ከጦርነቱ ይልቅ ገጠሩን ባዶ አደረገ። በጦርነቱ ማግሥት ከፈረንሳይ ሠራተኛ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ በግብርና ይተዳደር ነበር፤ ዛሬ ከመቶ 2 ወይም 3 ብቻ ነው። ትራክተር ፈረሱን አባረረ፤ በቡርጎኝም በረድፎቹ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ የሚሄድ፣ «አንዣምበር» የሚባል ረጅም ትራክተር ተሠርቶ የብዙ ሠራተኞችን ሥራ ያዘ። ልጆች ወደ ሊዮንና ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንጥረኛውና ትምህርት ቤቱ ተራ በተራ ተዘጉ። በ1970ዎቹ መግቢያ ከፓሪስ እስከ ሊዮን የተጠናቀቀው አውራ ጎዳና፣ ቀድሞ በመንደሮቹ መካከል ያልፍ የነበረውን የዕረፍት መንገደኛና የጭነት መኪና ሁሉ ጠቅልሎ ወሰደው። በክረምት ለሰዓታት በመኪና ሰልፍ ይታፈኑ የነበሩ ከተሞች በአንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ የሆቴሎቻቸውና የምግብ ቤቶቻቸው ገበያም አብሮ ተቋረጠ።

ባቡሩም እንዲሁ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በተለይም የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትሩ ሻርል ደ ፍሬሲኔ በ1878 ካወጡት ሰፊ ዕቅድ በኋላ፣ ፈረንሳይ ትናንሾቹን ከተሞች ሁሉ በሐዲድ ለማገናኘት ተነሥታ ነበር። የዢቭሪ ጎረቤት የሆነችውን ሻሎንን ከክሉኒና ከማኮን ጋር ያገናኘው መስመር ወይኑን በበርሜል፣ ከብቱን በፉርጎ፣ ተማሪውን ወደ ከተማ፣ ወታደሩንም ወደ ግንባር አመላለሰ። አውቶቡሱና የግል መኪናው ከበረቱ በኋላ ግን ተሳፋሪው አነሰ፤ ባቡሩ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሰው ማጓጓዝ አቆመ፤ በኋላም የጭነቱ ቀረ። በ1981 ከፓሪስ ወደ ሊዮን የተከፈተው የፈጣን ባቡር መስመር ክሉኒ አጠገብ የሚያልፍ ሲሆን፣ ባቡሩ ያን ጊዜ በሰዓት እስከ 260 ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ ክሉኒ ላይ ሳይቆም ይሄድ ነበር። አንድ ከተማ ባቡሩን ያጣበትን ዘመን በዓይኑ ሌላ ባቡር ሲያልፈው እያየ መቍጠሩ ከባድ ነው።

የተተወው መስመር ለብስክሌት ይህን ያህል የሚመችበት ምክንያት ከራሱ ከባቡሩ ድካም የመጣ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ከባድ ፉርጎ የሚጎትት የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ሰንጥቀው፣ ሸለቆውን በአፈር ሞልተው፣ መታጠፊያውንም አስፍተው፣ ዓይን የማያየው እግር ብቻ የሚያውቀው ለስላሳ ዳገት አበጁ። ሽማግሌና ሕፃን ማርሽ ሳይቀይሩ የሚሄዱበት መንገድ ከዚህ ስሌት የተወረሰ ነው። የጣቢያ ሕንፃዎቹም አሉ፤ በቡሲ፣ በኮርማታንና በሌሎችም ቦታዎች ባለ ሁለት ፎቁ ቤት፣ የጣቢያው አለቃ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው፣ የከተማዋ ስም ከግድግዳው ላይ እንደ ተጻፈ አንዳንዱ የጕብኝት ቢሮ፣ አንዳንዱ የብስክሌት ማከራያ፣ አንዳንዱም የግል መኖሪያ ሆኗል። በአሮጌው የጅቡቲ መስመር ላይ ፈረንሳዮች የሠሯቸውን ጣቢያዎች ያየ ሰው የመስኮቱን ቅርጽና የጣሪያውን ክፈፍ ሲያይ ዝምድናውን ይለየዋል። መንገዱ ኋላ ከክሉኒ ወደ ደቡብ እስከ ማኮን አጠገብ በመቀጠሉ፣ ከሻሎን ጀምሮ ያለው ርዝመት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል።

ከክሉኒ በስተ ደቡብ ባለው ክፍል፣ ሚዪ በተባለች መንደር፣ የባለቅኔው አልፎንስ ደ ላማርቲን የልጅነት ቤት ይገኛል። በ1790 በማኮን የተወለደው ላማርቲን በ1848 ከፈረንሳይ ጊዜያዊ መንግሥት መሪዎች አንዱ እስከ መሆን የደረሰ ሲሆን፣ ራሱን ከባለቅኔነት ይልቅ ወይን ገበሬ አድርጎ መቍጠር ይወድ ነበር፤ ችግሩ ግን የወይን ንግድን እንደ ግጥም በስሜት ማካሄዱ ነበርና ዕዳው እየበዛ ሄዶ በ1860 የሚዪን ቤት ለመሸጥ ተገደደ፤ ከ9 ዓመት በኋላም ሞተ። የፈረንሳይ የትዝታ ግጥም ከታላላቅ ጌቶቹ አንዱን ያገኘው ከዚህ የወይን ተዳፋት ነው።

ጸጥታ ግን በወይኑ አገር ዘላለማዊ አይደለም። ብስክሌት ውድድር ሲሆን ጸጥታው ይሸሻል፤ በ1950 ከፐርፒኛን ወደ ኒም በሚያመራው የቱር ደ ፍራንስ ቀን፣ የአልጄሪያው ተወዳዳሪ አብደል-ቃድር ዛአፍ በጽኑ ሙቀት ራሱን ስቶ ከመንገድ ዳር ከዛፍ ሥር ወደቀ፤ ነቅቶም ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ወደ መጣበት አቅጣጫ መንዳት ጀመረ። የወይን ገበሬዎች የወይን ጠጅ አፍስሰውበት ነበር ይባላል፤ ሽታው ስላልለቀቀውም ሰክሯል ተባለ፤ ይህ ወሬ መጠጥ በማይቀምስ ሙስሊም ላይ መነገሩ ከራሱ ከውድቀቱ ይልቅ ዝና ሰጠው። በ2024 ደግሞ ከኑዊ-ሳን-ዦርዥ እስከ ዤቭሬ-ሻምበርታን የ25.3 ኪሎ ሜትር የሰዓት ውድድር በነዚያው ዝነኛ የወይን ቦታዎች መካከል ተካሄደ፤ ቤልጅጋዊው ረምኮ ኤቨኔፑል አሸነፈ፤ በዚያ ተዳፋት ላይ በሩጫ ካለፉት አንዱም ኋላ የውድድሩን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ነበር። ለተመልካቹ ወይኑ ከኋላ የሚያልፍ አረንጓዴ ግድግዳ ነበር፤ ለተወዳዳሪውም ከዚያ አልበለጠም።

ዛሬ ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ሁለት ነገር መናገር ይገባል። በመስከረም ወር፣ ለቀማው በሚደርስበት ጊዜ፣ መንገዱ የብስክሌተኛው ሳይሆን የለቃሚው ነው፤ ከየማሳው የሚወጣው ተሳቢ ቅድሚያ አለው፤ በረጅሙ ትራክተር ፊት ቆሞ የሚያጕረመርም መንገደኛ ሰው ቤት ገብቶ እንደሚያዝዝ ይቈጠራል። በጸደይና በሞቃቱ ወራት መጀመሪያ ደግሞ ወይኑ በተባይና በሻጋታ መድኃኒት ይረጫል፤ የወይን እርሻ ከሚይዘው መሬት ጋር ሲነጻጸር በፈረንሳይ ግብርና እጅግ ብዙ መድኃኒት ከሚጠቀሙት አንዱ ነውና፣ የርጭቱን ጭጋግ ያየ ብስክሌተኛ ቆሞ ማሳለፍ አለበት። ክሉኒን ከማኮን የሚለየው ኮረብታ ደግሞ 1,600 ሜትር ያህል በሚረዝም የባቡር ዋሻ የተበሳ ሲሆን፣ መብራት ገብቶለት በሞቃቱ ወራት ለብስክሌት ክፍት ነው፤ ከውጭው ሐሩር ወደ ውስጡ ቅዝቃዜ የሚገባ ሰው ሹራቡን ቢለብስ ይበጀዋል። በብርዱ ወራት ግን ዋሻው ለሌሊት ወፎች እንቅልፍ ሲባል ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የሚመጣ ብስክሌተኛ ማርሹን ቀንሶ ኮረብታውን በላይኛው መንገድ መውጣት አለበት።